እናቴ ሳትከሰስ መሬቷ ለሌላ ሰው ተፈረደ፤ አሁን ምን ማድረግ ይቻላል?

የመንዟ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሕግ የምታውቁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ አንብቡልኝ። ትንሽ ይረዝማል። ባሳጥረው ነገሩ እንዳይዛባብኝ ፈርቼ ነው።

እኔ ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ። እናቴ ያለችው መንዝ ነው። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። እናቴ ሦስት ቦታ ላይ መሬት አላት። ደህናው ከቤታችን በታች ወንዙ ዳር ያለው ሁለት ጥማድ ነው። ዳር ዳሩን አባቴ የተከለው ባሕር ዛፍ አለበት። ገብስ ይወዳል። በልጉ ካልከዳ በዓመት ሁለቴ ይዘራል።

እናቴ በሬ የላትም። ስለዚህ ያንን መሬት ለአባቴ ወንድም ለእኩል ሰጥታቸው ስድስት ዓመት ሙሉ ያረሱት እሳቸው ናቸው። የተጻፈ ውል የለም። ዘመድ ከዘመዱ ጋር ምን ይጻጻፋል? አውድማ ላይ ምርቱን ይካፈላሉ፣ በቃ። አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር ግን እናቴ ጋ ነው። የእሷና የአባቴ ስም፣ ፎቷቸውም አለበት። በላስቲክ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ፣ ከባናው ሥር ነው የምታስቀምጠው።

አምና አንድ አዋሳኝ ጎረቤታችን አጎቴን ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰሳቸው። «አባቴ በድልድል ያገኘውን፣ እኔ የወረስኩትን አንድ ጥማድ መሬት በጉልበት ይዘውብኛል» ነው የሚለው። ከወንዙ ዳሩ መሬት ግማሹን ማለቱ ነው። ተከሳሹ አጎቴ ብቻ ናቸው። የእናቴ ስም ክሱ ላይ የለም። መጥሪያም አልመጣላትም። ሚያዝያ ላይ አጎቴ መሬቱን ለቀው እንዲያስረክቡ ተፈረደ። ይግባኝ አላሉም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ደከመኝ ልጄ» ብቻ አሉኝ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ የቀበሌው ሊቀመንበር እናቴን ጠርቶ አንድ ደብዳቤ አሳያት። ሰኞ ግንቦት 18 ከፍርድ ቤት የታዘዙ ሰዎች መጥተው መሬቱን ለጎረቤታችን እንደሚያስረክቡ የሚገልጽ ነው። ማታ ደወለችልኝ። አባቴ የሞተ ቀን እንኳ እንደዚያ ያለ ድምፅ አልሰማሁባትም። «ልጄ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አለችኝ። «በቁሜ መሬቴን ለሰው የሚሰጡት?»

ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ አገኘሁ። ፍርድ ቤት በር ላይ ያለ ራፖር ጸሐፊ «ይግባኝ በይ» አለኝ። አንድ ዘመዳችን «ፍርድ ካለቀ አለቀ፣ ሽማግሌ ላኩ» ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ አዲስ ክስ መመሥረት ነው ያለብሽ ትላለች። የበልግ ገብሱ ገና አልታጨደም፤ መሬቱ ላይ ቆሟል። ማንን ልስማ?

ሰው ለሰው

እህቴ አይዞሽ። እኔ የማውቀው ይግባኝ 60 ቀን አለው። ሚያዝያ ከተፈረደ ጊዜ አላችሁ። ዛሬውኑ ደብረ ብርሃን ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ አስገቡ።

ጠበቃ ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ መጀመሪያ ቀኑን እንቁጠር። ዛሬ ግንቦት 12 ነው። እስከ ግንቦት 18 ያሉት ቀናት ከሌላው ነገር ሁሉ ይበልጣሉ።

ከላይ የጻፉት ወንድሜ በቅን ልብ ነው፤ 60 ቀኑም ትክክል ነው። ነገር ግን ይግባኝ የሚለው የተከራከረ ሰው ነው። እናትሽ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበሩም። ይግባኝ ይዘው ዞን ቢሄዱ «እርስዎ ማን ነዎት?» ይባላሉ። ያ ሲሆን ቀኑ ያልፍባችኋል።

የእናትሽ መንገድ የፍርድ መቃወሚያ ይባላል። በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 358 ላይ ታገኚዋለሽ። አንድ ሰው በክርክሩ ውስጥ መግባት የሚገባው ወይም መግባት የሚችል ሆኖ ሳለ፣ ራሱም ወኪሉም ሳይኖሩ መብቱን የሚነካ ፍርድ ቢሰጥ፣ ፍርዱን ለሰጠው ለዚያው ፍርድ ቤት ያመለክታል። የበላይ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ፍርድ ቤቱ የቀድሞዎቹን ተከራካሪዎች ጠርቶ፣ ሁሉንም ሰምቶ፣ ፍርዱን ያጸናዋል፣ ወይ ያሻሽለዋል፣ ወይ ይሰርዘዋል።

ሕጉ ግን «ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት» ይላል። ይህችን ቃል እባክሽ ሁለቴ አንብቢያት። ግንቦት 18 መሬቱ ለጎረቤታችሁ ከተረከበ ይህ በር ይዘጋል። ያኔ የሚቀረው ባልደረባሽ ያለችው አዲስ ክስ ነው። እሷም አልተሳሳተችም። ብቻ ያ ረጅሙ መንገድ ነው፤ እናትሽ ከመሬታቸው ውጪ ሆነው የሚከራከሩበት።

ስለዚህ ነገ ተነሺና ወረዳው መዝገብ ቤት ሄደሽ የፍርዱን ግልባጭ ጠይቂ። አመልካቿ እናትሽ ናቸውና አብረውሽ ይሁኑ። ማመልከቻው የመዝገቡን ቁጥር፣ ፍርዱ የተሰጠበትን ቀንና የተከራካሪዎቹን ስም ይያዝ። ከዚያ የእናትሽ መብት ከየት እንደመጣና ያለ እሳቸው የተሰጠው ፍርድ እንዴት እንደሚጎዳቸው በግልጽ ይጻፍ። የደብተሩ ቅጂ ይያያዝ፤ ዋናው በእጃችሁ ይሁን። ቃለ መሐላም አያይዙ። አፈጻጸሙ እንዲታገድ ደግሞ ለይታችሁ ጠይቁ። መቃወሚያ ስላስገባን ይቆማል ብላችሁ ቤታችሁ እንዳትተኙ። እግድ ከታዘዘ ወረቀቱን ራስሽ ይዘሽ ለአስፈጻሚዎቹም ለቀበሌውም አድርሺ። በፖስታና በሰው እጅ አትመኚ።

አንድ ቃል ደግሞ ላርምሽ። ማመልከቻው ላይ «የመሬቱ ባለቤት ነኝ» እንዳይባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። «ባለይዞታ ነኝ» በሉ። ያው አንቀጽ አርሶ አደር ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለውም ይናገራል፤ እሱን ጥቀሱ።

አሁን አንቺ መልሺልኝ። እናትሽ ክሱን ያውቁ ነበር? ለአጎትሽ ውክልና ሰጥተው ያውቃሉ? ፍርዱ ላይ ያለው መሬትና ደብተሩ ላይ ያለው መሬት አንድ መሆኑንስ በምን አረጋገጥሽ?

የመርሐቤቴው

የጠበቃውን ቃል አንዲቷንም እንዳትጥያት እህቴ። እኔ የጣልኳት ሰው ነኝ።

አባታችን ሲሞት ጀማ ሸለቆ በኩል የማሽላ መሬት ትቶልን ነበር። እኔ አዲስ አበባ የቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። የአባታችን ልጅ የሆነች እህታችን ታላቅ ወንድሜን ብቻውን ከሰሰችው። ተፈረደ። ለሁለት ተካፈሉት። ሦስተኛው እኔ የለሁም። ስሜን ያነሳም የለም። ወንድሜም «አንተ ከተማ ገብተሃል፣ አያገባህም ብዬ ነው» አለኝ።

ሲነገረኝ ገና አልተረከበም ነበር። ሦስት ሳምንት ነበረኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ሽማግሌ ላክሁ። ደም የሚጠራሩ ሰዎች ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት አይንገላቱ አልኩ። ሽማግሌዎቹ አንድ ቅዳሜ ተቀመጡ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጠሩ። አንዱ ታመመ፣ ሌላ ቀጠሩ። በዚያ መሃል በአንድ ጠዋት ሰዎቹ ገመድ ይዘው መጡ፣ ለኩ፣ ድንጋይ ተከሉ፣ ፈረሙ፣ ሄዱ። እኔ በማግስቱ መቃወሚያ ይዤ ገባሁ። ዳኛው አንብበው «ልጄ፣ ይህ እኮ ተፈጽሟል» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። አዝነው ነው የነገሩኝ።

ከዚያ አዲስ ክስ። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር። ሥራ እየተውኩ፣ ትራንስፖርት እየከፈልኩ። የእህቴ ጠበቃ መጀመሪያ ያነሱት «በፍርድ ያለቀ ነገር ነው» የሚለውን ቁጥር 5ን ነበር። ፍርድ ቤቱ «ይህ ሰው በዚያ ክርክር አልነበረም፣ አያግደውም» ብሎ አለፈው። መጨረሻ ላይ ድርሻዬን አገኘሁ። ማሽላው ግን ሁለት አዝመራ በሰው ጎተራ ገባ።

ሽማግሌ አትላኪ አልልሽም። እኔም ኋላ ከወንድሜ ጋር የታረቅሁት በሽማግሌ ነው። መጀመሪያ እግዱን አውጪ፤ ከዚያ ሽማግሌው በሰላም ይቀመጥ። ስምምነት ላይ ከተደረሰም ፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ ያሰፍርላችኋል።

የመንዟ ልጅ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ። ርእሰ መምህራችን ፈቀዱልኝ።

ለጥያቄዎ መልስ። ውክልና አልሰጠችም፤ ጠይቄአታለሁ። ታውቅ ነበር ወይ ላሉት ግን መጀመሪያ ያልጻፍኩት ነገር አለ። አፍሬ ነው። እናቴ በዚያ ክስ የአጎቴ ምስክር ሆና ቀርባለች። እኔ ይህን ያወቅሁት ትናንት ማታ ነው።

ጥር ላይ አጎቴ «ነይና ያየሽውን ተናገሪ» ብለዋት ሄደች። ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ «መሬቱ የኔና የባሌ ነው፤ እሳቸው ለእኩል ነው የሚያርሱልኝ» ብላ ተናግራለች። ማለች፣ ተናገረች፣ ወጣች። ከዚያ በኋላ ነገሩ የተዘጋ መስሏት ነበር። ፍርድ ቤት ፊት መሬቱ የኔ ነው ካልኩ ሌላ ምን ይጠበቅብኛል ነው የምትለው። ደብተሩን ይዛ ነበር፤ ግን አምጪ ያላት ስለሌለ ከጉያዋ አላወጣችውም።

ይህ ይጎዳናል? እውነቱን ንገሩኝ። እስካሁን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ጠበቃ ከደብረ ብርሃን

የሚታፈርበት ነገር የለውም እህቴ። በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። በተለይ እናቶች። ዳኛ ፊት ከተናገሩ መብታቸውን የጠየቁ ይመስላቸዋል።

ምስክር ተከራካሪ አይደለም። ምስክር ማስረጃ አያቀርብም፣ ሌላ ምስክር አይጠራም፣ መስቀለኛ ጥያቄ አይጠይቅም፣ ይግባኝም አይልም። የተጠየቀውን መልሶ ይወጣል። ሕጉ የሚለው በክርክሩ ተካፋይ ያልሆነ ነው፤ ችሎት ውስጥ የቆመ አላለም። ጎረቤታችሁ «እያወቁ ዝም አሉ፤ ፍርድ ሳይሰጥ በቁጥር 41 ጣልቃ መግባት ይችሉ ነበር» ማለቱ አይቀርም። መልሱን አሁኑኑ ማመልከቻው ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ። እንዳትደብቁት። የተደበቀ ነገር በተቃራኒ ወገን አፍ ሲወጣ ያስጠላል። እሳቸው ራሳቸው ሲናገሩት ግን ያግዛቸዋል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ «የኔ ነው» ማለታቸውን ያሳያልና።

ፍርዱን ስታገኚ የአጎትሽን መልስና የእናትሽን ምስክርነት የያዘውን ክፍል ፈልጊ። እሱን ካገኘሽ ወዲያው ጻፊልኝ።

የመሬት ባለሙያ

እኔ በሌላ ወረዳ የመሬት አስተዳደር ላይ ነው የምሠራው። ፍርድ ቤቱን ለጠበቃው ልተውና እኔ ስለ ደብተሩ ልናገር።

ሰው ደብተሩን ይዞ ይመጣና ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለዋል። ደብተሩ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ግን ሌላ ሰው በማስረጃ ሊያስተባብለው ይችላል። ስለዚህ ከደብተሩ ባሻገር ተዘጋጁ። ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ አለው። የእናትሽ ደብተር ቁጥር እዚያ መዝገብ ላይ በማን ስም እንደሰፈረ በደብዳቤ ይጻፍላችሁ። ካልጻፉ ፍርድ ቤቱ እንዲያዝላቸው ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ አዋሳኞቹን አንብቢ። ደብተሩ ላይ በምሥራቅ እከሌ፣ በምዕራብ እከሌ እያለ ይጽፋል። ከእነዚያ ሰዎች ግማሹ ሞተዋል፤ መሬቱ ወደ ልጅ ሄዷል፤ ፍርዱ ላይ ደግሞ የልጆቹ ስም ይሆናል። ያን ጊዜ በወረቀት ሲታይ ሁለት የተለያየ መሬት ይመስላል። ማን የማን ልጅ እንደሆነ አስረዱ። መጀመሪያ በተሰጠው ደብተር ላይ ያለው ስፋትም በገመድና በዓይን ግምት የተለካ ነው። በኋላ በመሣሪያ ተለክቶ ካርታ የተሰጠበት ቀበሌ ከሆነ ካርታውን ውሰዱ፤ ቁጥሩ ቢለያይ አትደንግጡ፤ ቅርጹንና አዋሳኙን ተመልከቱ።

ሦስተኛ፣ እኩል ያረሰ ሰው ባለይዞታ አይሆንም። ስድስት ዓመት ቢያርስም አሥር ቢያርስ። በክልላችን የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009 ባልና ሚስት በጋራ ለያዙት መሬት ደብተሩ በሁለቱም ስም ነው የሚወጣው። አባትሽ ቢሞቱም የእናትሽ መብት አልሞተም። ውል አለመጻፋችሁ ግን አሳዝኖኛል። ከዚህ በኋላ ከዘመድ ጋርም ቢሆን ጻፉ፤ መሬት ጽሕፈት ቤትም ይመዝገብ።

ከእንሳሮ

ይቅርታ፣ እህታችን ቸኩላለች ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛ ደግሞ ባለ ዕዳው ወንድማችን ነው፤ ቤቱ ግን የእናታችን ነው። ለወንድማችን ብድር ተብሎ ቤቱ ተያዘ። ይሄም 358 ነው?

ጠበቃ ከደብረ ብርሃን

አይደለም። ፍርዱ ራሱ ስለ ቤቱ አይደለም፤ ስለ ገንዘቡ ነው። ለዕዳው ማስከፈያ የሰው ንብረት ሲያዝ በቁጥር 418 ለአፈጻጸም ፍርድ ቤቱ «የተያዘው ንብረት የኔ ነው» ብላችሁ ታመለክታላችሁ። እዚህም ሐራጁ ሳይወጣ ነው። ዝርዝሩን ለብቻው ጻፉልኝ፤ ይህ ቦታ ለእህታችን ይሁን።

የመንዟ ልጅ

ዛሬ ዓርብ ነው። ከወረዳው ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ኔትወርክ እየመጣ ይሄዳል።

ረቡዕ ጣርማ በር ላይ ጉሙ መኪናውን አቆመብን። መዘዞ ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። መዝገብ ቤት ስገባ ለምሳ ሊወጡ ነበር። ልጅቱ አየችኝና ተመልሳ ተቀመጠች። የፍርዱን ግልባጭ ሰጠችኝ። አምስት ገጽ ነው። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት።

ሁለተኛው ገጽ ላይ የአጎቴ መልስ አለ። እንዲህ ይላል፤ «መሬቱን የማርሰው በእኩል ነው፤ ባለይዞታዋ የወንድሜ ሚስት ነች»። ጠበቃ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። አጎቴን ስንት ቀን በልቤ ሳማቸው ነበር። ለጎረቤታችን ያደሉ መስሎኝ ነበር። ለካ ገና ከመጀመሪያው ቀን ተናግረዋል። አራተኛው ገጽ ላይ የእናቴ ምስክርነት በሁለት መስመር አለ። ከዚያ ፍርዱ «ተከሳሹ መሬቱን የያዙበትን መብት አላስረዱም» ይልና ያበቃል። እንዴትስ ያስረዳሉ? መብቱ የእሳቸው አይደለም እኮ።

ማታ ለእናቴ አነበብኩላት። «የኔ ቃል ሁለት መስመር ብቻ ነው?» አለች። ሌላ አልተናገረችም። አጎቴ ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ግንባሬን ሳሙኝ።

ሐሙስ ማመልከቻውን አስጻፍኩ። ራፖር ጸሐፊው «ባለቤት» ብሎ ጽፎ ነበር፤ «ባለይዞታ» አስባልኩት። ምስክር መሆኗንም አስገባን፤ የአጎቴን መልስ ከነገጹ ጠቀስን። እግዱን በሌላ ወረቀት ለይተን ጠየቅን። ደብተሩ ላይ በምሥራቅ በኩል የተጻፉት አዋሳኝ የጎረቤታችን አባት ናቸው፤ እዚህ ባለሙያው ባይነግሩኝ ኖሮ አላስተውለውም ነበር። በደብተሩ መሠረት የእሱ አባት መሬት ከእኛ መሬት በምሥራቅ ያለው ነው። እሱ የጠየቀው ግን ከባሕር ዛፉ ወዲህ ነው። ባሕር ዛፉ ደግሞ ወሰኑ ላይ ነው ያለው።

ዛሬ ጠዋት ችሎት ቀረብን። ዳኛዋ እናቴን «እማማ፣ ያኔ ምስክር ሆነው ሲመጡ እኔም ልግባበት ለምን አላሉም?» ብለው ጠየቋት። በቀስታ ነው የጠየቋት። እናቴ «ምስክር ነሽ አሉኝ እንጂ ባለጉዳይ ነሽ ያለኝ የለም» አለች። ዳኛዋ ጻፉ። ደብተሩን ተቀብለው ገለጡት። ፎቶውን ካዩ በኋላ ቀና ብለው እናቴን አዩአት። ፎቶው ላይ ጠጉሯ ጥቁር ነው።

አፈጻጸሙ ታግዶ እንዲቆይ አዘዙ። መቃወሚያው ለጎረቤታችንና ለአጎቴ ደርሶ መልስ ይዘው እንዲቀርቡ፣ ለማክሰኞ ሰኔ 10 ተቀጠረ። ትእዛዙን በእጄ ይዤ አሁን ወደ ቀበሌ እየወጣሁ ነው። ለአስፈጻሚዎቹ አንዱን ቅጂ ሰጥቼ አስፈርሜአለሁ።

የመርሐቤቴው

እልል ብያለሁ እዚህ ሆኜ። ቅጂውን ማስፈረምሽ ጎበዝ ነሽ።

ጠበቃ ከደብረ ብርሃን

በጣም ጥሩ። ሁለተኛው ገጽ ከደብተሩ ባልተናነሰ ይጠቅማችኋል። አጎትሽ «ባለይዞታዋ ሌላ ሰው ናት» ሲሉ ሰውየዋ ወደ ክርክሩ እንድትገባ መደረግ ነበረበት፤ ፍርድ ቤቱ ራሱም ሊያዝ ይችል ነበር። በመቃወሚያችሁ ቁጥር 358 የሚጠይቀውን «መግባት የሚገባው ሰው» የሚለውን በዚያ ታስረዳላችሁ። ብቻ እግዱ ድል አይደለም። ጎረቤታችሁም የራሱ ማስረጃ ይኖረዋል፤ ይሰማል። ወሰኑ በባለሙያ እንዲታይ አሁኑኑ ጠይቁ።

የመንዟ ልጅ

ሰኞ ግንቦት 18 ማንም አልመጣም። ጎረቤታችን ብቻ ጠዋት ወንዙ ዳር መጥቶ ቆሞ ነበር። እናቴ ከላይ አይታው ወረደች። እኔ ጠብ መስሎኝ ተከትዬ ሮጥሁ። ሰላምታ ተለዋወጡ። «ልጆችህ እንዴት ናቸው?» አለችው። ደህና ናቸው አላት። ስለ መሬቱ ሁለቱም አላነሱም። ሲሄድ ግን ባሕር ዛፉን ዘወር ብሎ አየው።

ጠበቃ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ድልድሉ ጊዜ ከኮሚቴው አንዱ የነበሩ ሽማግሌ አሉ። ወሰኑን በገመድ ሲጥሉ አባቴ ገመዱን የያዘው ከእሳቸው ጋር ነው። ዛሬ ከሰማንያ አልፈዋል፤ ከአልጋ አይነሱም። አእምሯቸው ግን ንጹሕ ነው። ትናንት ሄጄ ስጠይቃቸው የባሕር ዛፉን ቦታ፣ በዚያ የነበረውን ድንጋይ ሁሉ ቆጠሩልኝ። እስከ ወረዳ ሊሄዱ አይችሉም። ቃላቸው እንዲሁ ሊቀር ነው?

ጠበቃ ከደብረ ብርሃን

አይቀርም። ስማቸውን በምስክር ዝርዝራችሁ ላይ አስገቢ። ከጎኑ መታመማቸውንና መንቀሳቀስ አለመቻላቸውን ጻፊ። ከጤና ጣቢያ ማስረጃ ብታገኚ ይጠቅማል። ፍርድ ቤቱ ሰው መድቦ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ቃላቸውን እንዲቀበል ማመልከት ትችያለሽ። ጎረቤታችሁም በዚያ ተገኝቶ እንዲጠይቃቸው ይደረጋል። ሰኔ 10ን አትጠብቂ። ዕድሜያቸውን አስቢና ነገ አስገቢው።

የመንዟ ልጅ

ነገ ጠዋት አስገባዋለሁ። ጤና ጣቢያው በመንገዴ ላይ ነው።